ስናፕሾት አለን ብላችሁ እንዳትተኙ

ሰላም ልጆች፣ እንደምን ናችሁ። ደሴና ኮምቦልቻ እየተመላለስኩ ሰርቨር ስይዝ ሃያ ምናምን ዓመት አለፈኝ፣ አሁን ሰርቨር ክፍል ውስጥ የማገኛችሁ ልጆች ፈጣኖች ናችሁ፣ እኛ ሳምንት የፈጀብንን እናንተ በአንድ ከሰዓት ትጨርሱታላችሁ፣ ከልቤ ደስ ይለኛል። ግን አንድ መልስ በየሄድኩበት እየሰማሁ ዝም ማለት አቃተኝ። «ባክአፕ አላችሁ ወይ?» ስል «አዎ ጋሼ፣ ስናፕሾት አለን» ትሉኛላችሁ። ይሄን ስሰማ ሆዴን ይቆርጠኛል፣ ባክአፕ እኮ ለብቻው የተቀመጠ ቅጂ ነው።

ስናፕሾት ስትወስዱ እኮ ማሽኑ፣ ማለትም በአንድ ሰርቨር ላይ በሶፍትዌር ከምናስነሳቸው ኮምፒውተሮች አንዱ፣ አልተገለበጠም፣ ወደዛች ደቂቃ መመለሻ ብቻ ነው የተያዘለት። ዋናው የዲስክ ፋይል ባለበት ይቆምና ከዛች ደቂቃ ጀምሮ የሚጻፈው ሁሉ አዲስ በተከፈተ ሌላ ፋይል ላይ ነው የሚሄደው፣ እነዚህን ማሽኖች በሚያስነሳው ቪኤምዌር ላይ ዴልታ የምንለው ማለት ነው፣ በሌላው ሶፍትዌር በሃይፐር-ቪ ላይ ደግሞ ስናፕሾቱን ራሱን ቼክፖይንት ይሉታል። ተመለስ ስትሉት አዲሱን ጥሎ የቆመውን ያነሳል፣ በቃ። በሰከንድ የሚያልቀውም ለዚህ ነው እንጂ 500 ጊጋ ዳታ በሰከንድ የሚገለብጥ ዲስክ እኛ ጋ የለም። ስለዚህ አዲሱ ፋይል አሮጌው ላይ ተደግፎ ነው የቆመው፣ አሮጌው ከሄደ አዲሱ ብቻውን ምንም አይጠቅምም፣ ሁለቱም ያሉት ደግሞ አንድ ስቶሬጅ ላይ ነው።

አባቴ ተሁለደሬ ገበሬ ነበሩ። ማሽላ ሲታጨድ ጥሩ ጥሩውን ዛላ ራሳቸው መርጠው እናቴ ከምድጃው በላይ ጭስ የሚያገኘው ቦታ ላይ ታንጠለጥለዋለች፣ ጥቀርሻ እስኪለብስ እዛው ይከርማል። የሚበላው ግን ጎታ ውስጥ ነው። ልጅ ሆኜ ለምን አንድ ላይ አናደርገውም ስል «ነቀዝ ጎታውን ሲያገኘው ዘሩን ለይቶ ይተውልሃል?» አሉኝ። ስናፕሾት ማለት ጎታው ውስጥ ያለ ዘር ነው።

እንዲህ ስል ስናፕሾት አትውሰዱ ማለቴ አይደለም፣ ኧረ በፍጹም! አፕዴት ልትጭኑ ስትሉ፣ የሂሳቡን ሶፍትዌር ቨርዥን ልትቀይሩ ስትሉ፣ ኮንፊግ ልትነኩ ስትሉ ሳትወስዱ እንዳትጀምሩ። ከሌሊቱ 6 ሰዓት ላይ ሲስተሙ አልነሳም ሲላችሁ ስናፕሾቱ በደቂቃ ይመልሳችኋል፣ ባክአፑ ግን ሰዓታት ይፈጃል። ችግሩ የሚመጣው ሥራው ካለቀ በኋላ ስትረሱት ነው። እኔ ረስቼ አይቻለሁ። ኮምቦልቻ አንድ ድርጅት ውስጥ ነው፣ ስሙ ይቅር፣ አፕዴት ከመጫኔ በፊት ስናፕሾት ወሰድኩ፣ አፕዴቱ በሰላም ገባ፣ ደስ ብሎኝ ወደ ደሴ ወጣሁ፣ ከዛ ሌላ ሥራ ሌላ ሥራ ሲመጣ አራት ወር ሞላው። የወሩ መጨረሻ፣ ደሞዝ የሚሠራበት ቀን ጠዋት ተደወለልኝ፣ ሰርቨሩ ቆሟል አሉኝ። ስደርስ የማሽኖቹ ፋይል የሚቀመጥበት ዳታስቶር ላይ የቀረው ቦታ ዜሮ ነው፣ ያቺ የዴልታ ፋይል ቀን በቀን እየጠጣች 380 ጊጋ ደርሳለች፣ ስቶሬጁ ሲሞላ በላዩ ያሉት ማሽኖች በሙሉ መጻፍ አቅቷቸው ቆመዋል። ሂሳብ ክፍል ያሉት እህቶች ከበር ቆመው ያዩኛል፣ የሚከፈለው ሠራተኛ ደግሞ ግቢ ውስጥ ተሰልፏል። እጄ እየተንቀጠቀጠ ሌላ የማያስፈልግ ማሽን ወደ ኤክስተርናል ዲስክ አውጥቼ ቦታ አስለቀቅኩና ስናፕሾቱን ሰረዝኩት፣ ወደ ዋናው ዲስክ ተዋህዶ እስኪያልቅ መሸ። የዛን ቀን ደሞዝ አልተከፈለም። በእኔ ምክንያት ያን ቀን ለልጁ ዳቦ ሳይገዛ የገባ ሰው ይኖር ይሆናል ብዬ እስካሁን አስባለሁ።

ቪኤምዌር ራሱ አንድ ስናፕሾት ከ72 ሰዓት በላይ አታቆዩ፣ በአንድ ማሽን ላይም ከሁለት ከሦስት በላይ አትደራርቡ ይላል። በጣም ትክክል ነው። አንድ ነገር ደግሞ ልብ በሉ፣ ባክአፕ የሚወስደው ሶፍትዌር ራሱ ስናፕሾት ወስዶ ከዛ ላይ አንብቦ መልሶ ይሰርዛል፣ መሀል ላይ መብራት ከጠፋ ወይ ግንኙነቱ ከተቋረጠ ያቺ ስናፕሾት ሳትሰረዝ ትቀራለች፣ እኛ አልወሰድንም ብላችሁ አትዘናጉ፣ በየሳምንቱ ክፈቱና እዩ። ቦታ ሞላ ብላችሁ ግን ዴልታውን ፋይል በእጃችሁ ከፎልደሩ እንዳታጠፉት፣ ባካችሁ፣ እንደዛ ያደረገ ልጅ አይቻለሁ፣ ስናፕሾቱ ከተወሰደ ወዲህ የተጻፈው ሁሉ እዛ ፋይል ላይ ነው ያለው።

መብራቱን መቼም ታውቁታላችሁ። ክረምት ላይ መብረቁም አለ፣ ጦሳ ተራራ ላይ ሲያጓራ ከተማው በሙሉ ይጨልማል። አንድ መሥሪያ ቤት መብራቱ ሄዶ ሲመለስ ዲስኮቹን አንድ ላይ የሚያስተዳድረው የራይድ ካርድ ተቃጠለ፣ ዲስኮቹም አብረው ተበላሹ፣ ስናፕሾት አምስት ነበራቸው፣ አምስቱም እዛው ጠፉ። ያተረፋቸው አንዷ ጸሐፊ መሳቢያ ውስጥ የቆለፈችው ኤክስተርናል ዲስክ ነው፣ እሱም የዘጠኝ ቀን አሮጌ ነበር። የዘጠኝ ቀኑን ደረሰኝ ሁለት ልጆች እስከ ማታ እያመሹ ከወረቀት ላይ መልሰው አስገቡት። ዘጠኝ ቀን ብቻ ነበርና ተቻለ፣ አንድ ዓመት ቢሆንስ?

በ2014 ጥቅምት መጨረሻ ጦርነቱ ደሴና ኮምቦልቻ ሲገባ ደግሞ ሌላ ነገር ተማርን። አንድ የማውቀው ልጅ ከቤተሰቡ ጋር ሲወጣ የመሥሪያ ቤቱን ባክአፕ ዲስክ በነጠላ ጠቅልሎ አዲስ አበባ ይዞት ሄደ። ታኅሣሥ ላይ ሲመለስ ሰርቨሩ የነበረበት ክፍል ውስጥ የቀረው ግድግዳው ላይ ያለ ኬብል ብቻ ነው። ሌላ ኮምፒውተር ላይ እንደ ቪኤምዌር ያለውን ፕሮክስሞክስ ጭኖ ከዛች ዲስክ አስነሳው፣ የስንት ሰው መዝገብ ተመለሰ። ሦስት ኮፒ፣ በሁለት ዓይነት ዕቃ ላይ፣ አንዱ ከግቢ ውጪ የሚባለውን ሕግ ተምራችሁታል፣ ለእኛ አንዱ ከከተማ ውጪ ቢሆን ይሻላል። ከሦስቱ አንዷ ደግሞ ሥራዋን ስትጨርስ ትነቀል፣ ፋይል ቆልፎ ገንዘብ የሚጠይቀው ራንሰምዌር በኔትወርክ የደረሰበትን ሁሉ ነው የሚቆልፈው፣ የተሰካውን ባክአፕም ጭምር።

ዳታቤዝ ያለበት ማሽን ላይ ተጠንቀቁ። እንዲሁ የተወሰደ ስናፕሾት ማለት መብራት ድንገት እንደሄደበት ማሽን ነው፣ ብዙ ጊዜ ይነሳል፣ አንዳንዴ ግን ግማሽ የተጻፈ ነገር ይዞ ነው የሚነሳው። ዊንዶውስ ላይ ቪኤስኤስ፣ ስናፕሾት ሲወሰድ ዳታቤዙ የጀመረውን ጽፎ እንዲጠብቅ የሚያደርገው አገልግሎት፣ እየሠራ መሆኑን አረጋግጡ፣ ከሱ ሌላ የዳታቤዙን የራሱን ባክአፕ በየማታው ለብቻው አውጡ። የተጠቃሚዎችን ስምና ፓስወርድ የሚያረጋግጠውን ዶሜይን ኮንትሮለርን ግን በስናፕሾት ወደ ኋላ ባትመልሱት ነው የምመርጠው፣ ከዊንዶውስ ሰርቨር 2012 ወዲህ መከላከያ አለው፣ ቢሆንም ከሌላኛው ኮንትሮለር ጋር ተጣልቶ ፓስወርድ አልቀበልም ሲል ያየሁት አይረሳኝም።

ሪስቶር አድርጋችሁ ያላያችሁት ባክአፕ ደግሞ አለ አይባልም። በሦስት ወር አንዴ አንድ ማሽን ምረጡ፣ ኔትወርኩን ነቅላችሁ ለብቻው አስነሱት፣ ሶፍትዌሩን ክፈቱና የትናንቱን ደረሰኝ ፈልጉ። ስንት ሰዓት እንደፈጀ ደብተር ላይ ጻፉት፣ ኃላፊያችሁ «መቼ ይመለሳል?» ሲል ከዛ ደብተር ላይ ነው የምትመልሱት።

ዛሬ ማታ ግን መጀመሪያ የስናፕሾቶቹን ቀን እዩ። ሦስት ቀን ያለፈው ካለ የትናንቱ ባክአፕ መውጣቱን አረጋግጡ፣ ቦታ መኖሩን እዩ፣ ሠራተኛው ከወጣ በኋላ ሰርዙት። 99 ፐርሰንት ላይ ደርሶ ቆሞ ቢቀርባችሁ አትደንግጡ፣ ማሽኑንም እንዳታጠፉት፣ እየሠራ ነው። አብሽሩ፣ ይጨርሳል።