ስፒከሩና ረከቦቱ

ጥያቄ፦ የምንኖረው ደሴ ነው። ባለቤቴ ሳያማክረኝ ወገብ የሚደርሱ ሁለት ስፒከሮች ገዛ። አንዱን ረከቦቴ ከሚቀመጥበት ጥግ ገተረው። አምባሰል ሲከፍት ሲኒዎቼ ይንቀጠቀጣሉ። ሳሎኔ መጋዘን መሰለብኝ። ምን ይሻለኛል?

መልስ፦ እህቴ፣ ሳያማክርሽ መግዛቱ ልክ አይደለም። ይህን በግልጽ ንገሪው፤ ግን ቡና አፍልተሽ፣ ቶናው ላይ።

የጥጉ ነገር ላይ እውነቱ ካንቺ ጋር ነው። ስፒከር ጥግ ሲገባ ግድግዳዎቹ ቤዙን፣ ማለትም ወፍራሙን ድምፅ፣ ያጎሉታል፤ ማሲንቆው ይዋጣል። እኔና ባለቤቴም ኮምቦልቻ ቤታችን በዚሁ ተጨቃጭቀናል። ከግድግዳው 50 ሳንቲ ሜትር ያህል ስናርቀው ክራሩ ጥርት ብሎ ተሰማን። እሱ ራሱ ነው «እዚሁ ይሁን» ያለው።

ስለዚህ ሁለቱንም ከቴሌቪዥኑ ግራና ቀኝ አድርጓቸው። ትንሿ ድምፅ ማውጫ፣ ትዊተሯ፣ ሶፋ ላይ ስትቀመጡ ከጆሯችሁ ትይዩ ትሁን። የምትወጂው ምንጣፍና ወፍራም መጋረጃም ገደል ማሚቶውን ይቀንሳሉ፤ ለእሱም ይጠቅሙታል በይው። ረከቦቱ ወደ ጥጉ ይመለስ። ዳንቴል ካማረሽ ከስፒከሩ አናት ላይ አንጥፊው፤ ፊቱን ግን አትሸፍኚበት።