ጉልበቴ ይከዳኛል፤ ኦፕራሲዮን ግድ ነው?

ጥያቄ፦ ዶክተር ጤና ይስጥልኝ። 24 ዓመቴ ነው። ሐዋሳ ባጃጅ እነዳለሁ፤ እሁድ እሁድ ኳስ እጫወታለሁ። ከሦስት ወር በፊት ሜዳ ላይ ዞር ስል ቀኝ ጉልበቴ «ቋ» አለና ወዲያው አበጠ። ወጌሻ ሲያሸኝ ከረመ። እብጠቱ ቢጎድልም ደረጃ ስወርድ ይከዳኛል። ኤምአርአይ ተነስቼ የፊተኛው መስቀለኛ ጅማት ተበጥሷል ተባልኩ። ኦፕራሲዮን ግድ ነው? እርስዎስ እንደኔ ያለ ሰው ሲመጣ በምን ይወስናሉ?
ታ.፣ ከአቶቴ

መልስ፦ ወንድሜ፣ እንኳን ጻፍክልኝ። እኔም ያደግኩት ሐዋሳ ኳስ ሜዳ ላይ ነው። ሐዋሳ ከተማ በ1996 ዋንጫ ሲያነሳ የሰፈሩ ልጅ ሁሉ ተጫዋች መሆን ይመኝ ነበር። ጉልበቱ የከዳው ግን ዳር ተቀምጦ ይቀር ነበር። ጥቁር አንበሳ የአጥንት ቀዶ ሕክምና ከተማርኩ በኋላ የስፖርት ጉዳት ላይ ያተኮርኩት እነሱን እያሰብኩ ነው።

በሽተኛ ሲመጣ ፊልሙን የማየው መጨረሻ ላይ ነው። መጀመሪያ «በዚህ ጉልበት ምን ልትሠራበት ትፈልጋለህ?» እላለሁ። ከዚያ ጉልበቱን ትንሽ አጥፌ ቅልጥሙን ወደ ፊት ሳብ አደርጋለሁ። ቅልጥሙ ወደ ፊት እንዳይንሸራተት የሚይዘው ያ መስቀለኛ ጅማት ከሌለ እጄ ላይ ይታወቀኛል።

ባጃጅ መንዳት ብቻ ከሆነ ሐሳብህ፣ የጭን ጡንቻህን በፊዚዮቴራፒ አጠንክረህ ያለ ኦፕራሲዮን ልትኖር ትችላለህ። ብዙ ሰው ይኖራል። ኳሱን ካልተውክ ግን፣ ወይም ደረጃ ላይ መክዳቱ ከቀጠለ፣ ኦፕራሲዮኑን እመክርሃለሁ። በከዳህ ቁጥር በአጥንቶቹ መሃል ትራስ ሆኖ የተቀመጠው ሜኒስከስ ሊቀደድ ይችላል።

የተበጠሰውን ጫፍና ጫፍ ይዘን አንሰፋም። ብዙ ጊዜ ከራስህ ጭን ጀርባ ጅማት ወስደን፣ በትንንሽ ቀዳዳ ካሜራ አስገብተን በቦታው እንተክላለን። አዲሱ ጅማት እስኪጠነክር ወራት ይፈጃል። ከ9 ወር በፊት ሜዳ እንድትገባ አልፈቅድም። ተጫዋቾች የሚጣሉኝ እዚህ ላይ ነው፤ እኔም አልለቅም። ቸኩሎ የተመለሰ እንደገና ሊበጠስበት ይችላል።

መታሸቱን ተው። በሰዓታት ውስጥ ያበጠ ጉልበት ብዙውን ጊዜ ውስጡ ደም ነው። በረዶና ዕረፍት እንጂ እሽት አያሻውም።

ኦፕራሲዮን ከተሠራህ ቀኝ እግርህ ነውና ፍሬን አጥብቀህ እስክትረግጥ መንዳት የለም። ብዙውን ጊዜ ከ4 እስከ 6 ሳምንት ነው። ስትመጣ ያን ጊዜ ባጃጁን ማን እንደሚይዝልህ አስበህ ና፤ ቀኑን በዚያ እንቆርጣለን።