መኪናዎ የት ያድራል? ስለ ኤሌክትሪክ መኪና ከአንባቢያን ለቀረቡ ጥያቄዎች ምላሽ

ጥያቄ፦ የቤንዚን መኪናዬን በኤሌክትሪክ መኪና ለመለወጥ አስቤያለሁ። በእርግጥ ያዋጣል ወይስ የሰሞኑ ወሬ ነው?

መልስ፦ የመኪናውን ዓይነትና ዋጋ ከመመርመርዎ በፊት መኪናዎ ማታ የት እንደሚያድር ያስቡ። በሚያድርበት ስፍራ፣ በግቢም ይሁን በመኖሪያ ሕንፃ የመኪና ማቆሚያ፣ ቻርጅ የሚያደርጉበት መስመር ካለዎት እርስዎ ተኝተው ሳለ ባትሪው ይሞላል፤ ነዳጅ ማደያ የሚባል ነገርም ከነጭራሹ ይረሳዎታል። መስመሩ ከሌለዎት ግን የማደያውን ሰልፍ በቻርጅ ጣቢያ ሰልፍ ከመተካት ላያልፉ ይችላሉ፤ በፈጣን ቻርጅ ጣቢያ የሚከፈለው ሒሳብም አብዛኛውን ጊዜ ከቤት ቆጣሪ ሒሳብ ይበልጣል። እንደ እኔ አስተያየት፣ ገዢዎች ስለ ባትሪ ዕድሜ ከሚጨነቁት ግማሹን ያህል ስለዚህ ጉዳይ ቢጨነቁ ኖሮ ከግዢ በኋላ የሚሰማው ቅሬታ በእጅጉ ይቀንስ ነበር።

የቁጠባው ምንጭ የሞተሩ አሠራር ነው። የቤንዚን ሞተር ከሚያቃጥለው ነዳጅ ጎማ ለማዞር የሚያውለው ከ20 እስከ 30 በመቶ ያህሉን ሲሆን፣ የቀረው በጭስ ማውጫና በራዲያተር በኩል ሙቀት ሆኖ ይባክናል። የኤሌክትሪክ ሞተር በአንጻሩ ከባትሪ የተቀበለውን ኃይል አብዛኛውን ወደ እንቅስቃሴ ይለውጣል፤ ከዚህም በላይ እግርዎን ከፔዳሉ ሲያነሡ ወይም ቁልቁለት ሲወርዱ ሞተሩ እንደ ጄኔሬተር እየሠራ ከጉልበቱ የተወሰነውን ወደ ባትሪው ይመልሳል። መካከለኛ የቤት መኪና 100 ኪሎ ሜትር ለመሄድ ከ15 እስከ 20 ኪሎዋት ሰዓት (የቤት ቆጣሪ የሚቆጥርበት የኃይል መለኪያ) ያህል ይበቃዋል። ይህን ቁጥር በሚከፍሉት ታሪፍ ያባዙት፤ ቻርጅ ሲደረግ ለሚባክነው ኃይል አሥር በመቶ ያህል ይጨምሩበት፤ ከዚያም አሁን ያለው መኪናዎ ለዚያው ርቀት ከሚፈጀው የቤንዚን ሒሳብ ጋር ያስተያዩት። በሳምንት አንድ ሁለቴ ብቻ መኪና የሚያስነሣ ሰው ግን የግዢውን የዋጋ ልዩነት ከነዳጅ ቁጠባ ለመመለስ ብዙ ዓመት ሊፈጅበት ስለሚችል ባይቸኩል ይሻለዋል።

ጥያቄ፦ ከተራ የቤት ሶኬት ቻርጅ ማድረግ ይቻላል? እሳት እንዳያስነሣ እፈራለሁ።

መልስ፦ ይቻላል፤ ፍርሃትዎም ያለ ምክንያት አይደለም። በ220 ቮልት መስመር ላይ 10 አምፔር የሚስብ ገመድ በሰዓት ወደ 2 ኪሎዋት ሰዓት ስለሚሞላ፣ አሥር ሰዓት ያደረ መኪና ከ100 ኪሎ ሜትር በላይ የሚያስኬድ ኃይል ይዞ ሊነሣ ይችላል። ይህም ለአብዛኛው ሰው የዕለት ጉዞ ከበቂ በላይ ነው። ችግሩ ካውያ ለጥቂት ደቂቃ የሚስበውን ያህል ኃይል መኪናው ሌሊቱን ሙሉ ያለ ዕረፍት መሳቡ ላይ ነው። ሶኬቱ ውስጥ የላላ ብሎን ወይም ግድግዳው ውስጥ የቀጠነ ሽቦ ካለ፣ ለካውያ ያልታወቀው ድክመት ለመኪና ይታወቃል።

ስለዚህ በመጀመሪያው ቀን ቻርጅ ማድረግ ከጀመሩ ከአንድ ሰዓት በኋላ መሰኪያውን በእጅዎ ይዳስሱት። ለብ ማለቱ የሚጠበቅ ነው፤ እጅ የማያስቀምጥ ከሆነ፣ ፕላስቲኩ ቡናማ መልክ ከያዘ ወይም የተቃጠለ ነገር ከሸተተዎት በብሬከሩ አጥፍተው ኤሌክትሪሻን ይጥሩ። የማስረዘሚያ ገመድ፣ በተለይም ተጠቅልሎ የተቀመጠ፣ ፈጽሞ አይጠቀሙ። ትክክለኛው መፍትሔ ከማከፋፈያው ሰሌዳ ተነሥቶ ለመኪናው ብቻ የሚያገለግል፣ የራሱ ብሬከርና አስተማማኝ የመሬት መስመር ያለው ሽቦ ማዘርጋት ነው። በዚህ መስመር ላይ የሚተከለው 7 ኪሎዋት የግድግዳ ቻርጀር 60 ኪሎዋት ሰዓት የሚይዝን ባትሪ ከባዶ ተነሥቶ ዘጠኝ ሰዓት ያህል በሚፈጅ ጊዜ ይሞላል። ከዚህ የበለጠ ቻርጀር ከመግዛትዎ በፊት መኪናው ውስጥ ያለው ኃይል መቀበያ ስንት ኪሎዋት እንደሚቀበል ይጠይቁ፤ 7 ብቻ ለሚቀበል መኪና 22 ኪሎዋት ቻርጀር ማስተከል ገንዘብ ማባከን ነው።

ዝናብን በተመለከተ ብዙ አያስቡ። መኪናውና ቻርጀሩ መልእክት ተለዋውጠው መሰኪያው በሚገባ መግጠሙን እስኪያረጋግጡ ድረስ ዋናው ኃይል አይለቀቅም።

ጥያቄ፦ በአንድ ቻርጅ 500 ኪሎ ሜትር ይሄዳል የተባለልኝ መኪና ያን ያህል አይሄድም። ተታልዬ ይሆን?

መልስ፦ ምናልባት የተነገረዎት ቁጥር የየትኛው የርቀት መለኪያ ፈተና ውጤት እንደሆነ አልተገለጸልዎ ይሆናል። የቻይናው ሲኤልቲሲ የተባለው ፈተና በዝግታና በመቆም በመነሣት የሚደረግ ጉዞ ስለሚበዛበት ከፍ ያለ ቁጥር ይሰጣል፤ የአውሮፓው ደብሊውኤልቲፒ ከእርሱ ያነሰ፣ የአሜሪካው ኢፒኤ ደግሞ በአብዛኛው ከሁለቱም ያነሰና ለእውነተኛው ጉዞ የቀረበ ቁጥር ያወጣል። በዚህ ላይ የኤሌክትሪክ መኪና ጠባይ የቤንዚን መኪና ከለመደ ሰው ግምት ተቃራኒ ነው፤ በከተማ ውስጥ ይቆጥባል፣ በፈጣን መንገድ ላይ ግን የአየሩ ግፊት በፍጥነቱ መጠን እየበረታ ስለሚሄድ ባትሪውን ይጨርሳል። በሰዓት ከ120 ወደ 100 ኪሎ ሜትር ዝቅ ማለት ብቻ የሚታይ ልዩነት ያመጣል። ብርድና ማሞቂያም በአንድ ቻርጅ የሚሄደውን ርቀት ይቀንሱታል።

ጥያቄ፦ ባትሪው በጥቂት ዓመታት ውስጥ ሞቶ መኪናው ዋጋ እንዳያጣ እሰጋለሁ።

መልስ፦ ባትሪ በአብዛኛው በአንድ ጊዜ አይሞትም፤ ቀስ በቀስ አቅሙ ይቀንሳል። በርካታ አምራቾች 8 ዓመት ወይም 160,000 ኪሎ ሜትር፣ ቀድሞ የደረሰው እስኪደርስ፣ አቅሙ ከ70 በመቶ በታች እንደማይወርድ ዋስትና ይሰጣሉ፤ ዋስትናው እርስዎ በሚኖሩበት አገር መጽናቱን ግን በጽሑፍ ያረጋግጡ። ባትሪን ከሁሉ ይበልጥ የሚጎዳው ሙቀት ነው፤ ሙሉ እንደሆነ ለብዙ ቀን በፀሐይ ማቆምም አይስማማውም። ኒኬል ላለበት የሊቲየም ባትሪ ለዕለታዊ አገልግሎት እስከ 80 በመቶ መሙላት በቂ ሲሆን፣ ሊቲየም ብረት ፎስፌት የሚባለው ዓይነት ግን እስከ 100 መሞላትን ይታገሣል፤ እንዲያውም የቀረውን ኃይል የሚያሳየው ቁጥር እንዳይዛባ አልፎ አልፎ ሙሉ በሙሉ እንዲሞላ አምራቾች ይመክራሉ። ያገለገለ መኪና የሚገዙ ከሆነ የባትሪውን የጤንነት መጠን በመመርመሪያ መሣሪያ ሳያስለኩ አይክፈሉ።

የቻርጅ መሰኪያውንም አብረው ይመልከቱ። ለቻይና ገበያ የተሠራ መኪና ጂቢቲ የተባለውን ሲይዝ፣ ለአውሮፓ የተሠራው በብዛት ሲሲኤስ ይይዛል፤ በሚመላለሱበት መንገድ ያሉት ጣቢያዎች የማይገጥሙት ከሆነ ረጅም ጉዞ ላይ ይቸገራሉ።

ጥያቄ፦ ሰርቪስ አያስፈልገውም ሲባል እሰማለሁ፤ እውነት ነው?

መልስ፦ ከፊሉ እውነት ነው። የሞተር ዘይት፣ ካንዴላና የነዳጅ ፊልትሮ የሉትም፤ ፍጥነቱን በአብዛኛው ሞተሩ ራሱ ስለሚገታው የፍሬን ሸራውም ዕድሜው ይረዝማል። ጎማው ግን በመኪናው ክብደትና በቅጽበታዊ ጉልበቱ ምክንያት ቶሎ ሊያልቅ ይችላል፤ የፍሬን ዘይት፣ የባትሪው ማቀዝቀዣ ፈሳሽና የተሳፋሪው ክፍል የአየር ፊልትሮም ጊዜያቸውን ጠብቀው ይለወጣሉ። ብዙ ሰው የሚዘነጋው አነስተኛው የ12 ቮልት ባትሪ ነው። እርሱ ከደከመ ትልቁ ባትሪ ሙሉ ቢሆንም መኪናው አይነሣም፣ አንዳንዴም በሩ አይከፈትም። መንገድ ላይ ከቆመብዎ ደግሞ በገመድ አያስጎትቱት፤ ጎማዎቹ ሲዞሩ ሞተሩ ኃይል ማመንጨት ሊጀምርና ሊበላሽ ስለሚችል፣ አራቱም ጎማ ከመሬት ተነሥቶ በመኪና ላይ ተጭኖ መሄድ አለበት።