በሐምሌ ሙቀት ድስት አትጣዱ

ወደ ሚኒሶታዎቹ ሚኒያፖሊስና ሴንት ፖል ከተሞች ለሚመጣ አዲስ ሰው ስለ ብርዱ የሚመክረው አያጣም። ካፖርቱ የት እንደሚገዛ፣ መኪናው በረዶ ውስጥ ሲቀረቀር ምን እንደሚደረግ ከመጀመሪያው ሳምንት ጀምሮ ይነገረዋል። ስለ ሐምሌ ግን የሚነግረው የለም። እኔን የሚያሳዝነኝ ደግሞ በሐምሌ፣ ውጭው ከ30 ዲግሪ በላይ ሆኖ ሳለ፣ በአንዲት ጠባብ አፓርታማ ውስጥ አምስት ኪሎ ሽንኩርት ሲያቁላላ የሚውለው ወገኔ ነው። የአየር ማቀዝቀዣው በመስኮት በኩል ያቃስታል፤ ምድጃው ከዚህ በኩል ይነድዳል፤ የኤሌክትሪክ ሂሳቡ በሁለቱም ወገን ይቆጥራል። ማታ ደግሞ ሁሉም ደክሞት፣ ልብሱ ቁሌት ቁሌት እየሸተተ፣ ሐይቁ ዳር የነበረው ጥሩ አየር ያመልጠዋል።

ዶሮ ወጥ ለጥር ይቆይ። ጥር ላይ ምድጃው ቤቱንም ያሞቃል። ከሰኔ እስከ ጳጉሜን ባሉት ወራት ግን ቤት ውስጥ ቀዝቃዛ ነገር ብሉ፤ እሳት የሚፈልገውን ሁሉ እሳት ፊት ቆመው ደመወዝ ለሚያገኙት ለምግብ ቤቶቹ ተዉላቸው። ይህን ምክር አስቀድመው ማንበብ ያለባቸው ባሎች ናቸው፤ «እንግዳ መጥቶ ወጥ ሳይሠራ?» የሚለው ድምፅ ብዙውን ጊዜ ከሶፋው በኩል ነውና።

ቀዝቃዛ ምግብ ደግሞ ከማንም መበደር አያስፈልገንም። የጾም ገበታችን ሞልቶታል፤ ፍልሰታም ከኦገስት 7 እስከ 21 ባለው ጊዜ፣ የዚህ አገር አትክልት ከምንጊዜውም በላይ በሚጣፍጥበት ወቅት ላይ ይውላል። ቲማቲም ፍትፍት ለመሥራት የሚያስፈልገው ቢላዋ ብቻ ነው፤ ቲማቲሙ የበሰለ፣ ቀይ ሽንኩርቱ በደቃቁ የተከተፈ፣ ሎሚው ያልተቆጠበ ይሁን፤ እንጀራው ሊበላ ሲል ይግባ፤ ቀድሞ ከገባ ሙጫ ይሆናል። ቃሪያ ከጠፋ ሃላፔኞ ይተካዋል። አዚፋ የምስሩን መቀቀያ ያህል ምድጃ ትፈልጋለች፤ እሱንም ማለዳ ቀቅላችሁ፣ በሰናፍጭና በሎሚ ለውሳችሁ፣ ማቀዝቀዣ ውስጥ አስቀምጡትና ከሥራ ስትመለሱ ይጠብቃችኋል።

ከሁሉም በላይ የምደነቀው ግን ሱፍ ፍትፍት ከዚህ አገር ማዕዳችን መጥፋቱ ነው። ጎረቤቶቻችን ሰሜን ዳኮታና ደቡብ ዳኮታ በሱፍ አበባ ምርት የአሜሪካ መሪዎች ናቸው፤ የተፈለፈለው ፍሬ በየሱቁ በርካሽ ይገኛል። እናቶቻችን ሲወቅጡ፣ ሲያጣሩ፣ ገለባውን ሲያስወግዱ የሚውሉበት ሥራ እዚህ በመፍጫ መሣሪያ የደቂቃዎች ነገር ነው። ጨው ያልገባበትን ግዙ፤ ትንሽ አመስ አድርጉት፤ ከቀዝቃዛ ውኃ፣ ከነጭ ሽንኩርትና ከዝንጅብል ጋር ፍጩና አጥልሉት። ወተት የመሰለው ፈሳሽ እንጀራው ላይ ሲፈስስ፣ ያን ዕለት ሌላ ምግብ የሚያምረው ሰው ካለ ይንገረኝ።

እንጀራ ቤት ውስጥ ለምትጋግሩ አንድ ነገር ልጨምር። በጥር ሦስትና አራት ቀን የሚፈጅ ሊጥ በሐምሌ ቶሎ ይኮመጥጣል፤ ስለዚህ በቀን ሳይሆን በሽታና በአረፋ ፍረዱት፤ ከደረሰ ማቀዝቀዣ ውስጥ አስገቡት። የተጋገረውም ጠረጴዛ ላይ ከዋለ ይሻግታል።

አትክልቱን ከገበሬዎቹ ገበያ ግዙ። የሴንት ፖሉ ሎወርታውን የሚባለው ሠፈር ውስጥ ነው፤ እዚያ የሚሸጠው አትክልት በአካባቢው የበቀለ ብቻ እንዲሆን ደንብ አለው። ከሻጮቹ ብዙዎቹ ከላኦስ የመጡ የሞንግ ሕዝብ ገበሬዎች ናቸው። በመንግሥት የምግብ ድጎማ ካርድ መክፈል የሚቻልባቸው ገበያዎችም አሉ፤ ማርኬት ባክስ በሚባለው ፕሮግራም በካርዱ ለሚገዛ ሰው ተጨማሪ ኩፖን ይሰጣል፤ ከመግዛታችሁ በፊት መረጃ ጠረጴዛው ጋ ጠይቁ። የሚያሳፍር ነገር የለውም።

የበቆሎው ነገር ራሱን የቻለ ወሬ ነው። በየአውራ ጎዳናው ግራና ቀኝ የምታዩት ማለቂያ የሌለው ማሳ ለከብት መኖና ለነዳጅ የሚውል በቆሎ ስለሆነ እሸት አገኘሁ ብላችሁ መኪና አታቁሙ። የሚበላው ጣፋጩ በቆሎ ከሐምሌ አጋማሽ በኋላ ይመጣል፤ ገበሬዎች በመንገድ ዳር በመኪና ጭነው ይሸጡታል። የአገራችንን እሸት ጥርስ የሚፈትን ጥንካሬ አትጠብቁበት፤ ይህ ለስላሳና ስኳር የበዛበት ነው። ስኳሩ ከተቆረጠበት ሰዓት ጀምሮ ወደ ስታርች እየተለወጠ ስለሚሄድ የዛሬውን ዛሬ ብሉት። ከሰል ላይ ጠቆር አድርጋችሁ፣ ሎሚ አሽታችሁ፣ ሚጥሚጣ ብትነሰንሱበት ጣፋጭነቱ ልክ ይገባል። ከሰሉን ግን በአፓርታማችሁ በረንዳ ላይ አታቀጣጥሉ፤ በዚህ ክፍለ ሀገር ፎቅ ቤቶች ይህ በአብዛኛው ክልክል ነው። መናፈሻዎቹ ውስጥ ለሕዝብ የተተከሉ መጥበሻዎች አሉ።

ወደ መናፈሻ ክትፎ ጥሬውን ይዞ የሚሄድ ሰውም አይቻለሁ። እባካችሁ! የአሜሪካ ግብርና ሚኒስቴር የበሰለው ምግብ እንኳን ከማቀዝቀዣ ውጭ ከሁለት ሰዓት በላይ እንዳይቆይ፣ ሙቀቱ 32 ዲግሪ ካለፈ ደግሞ ከአንድ ሰዓት እንዳይበልጥ ይመክራል። ጥሬ ሥጋ በፀሐይ ላይ የአገር ናፍቆት መወጫ አይደለም።

አሁን ወደ ምግብ ቤቶቹ። የራሳችንን አልረሳሁም፤ ስኔሊንግ ጎዳና ላይ ያለውን ፋሲካን የማያውቅ የሴንት ፖል ሐበሻ ያለ አይመስለኝም፤ የሥራ ባልደረባ ለመጋበዝም ከዚያ የተሻለ ቦታ አላውቅም። ነገር ግን በየወሩ መጨረሻ እዚያው ገብቶ በያይነቱን አዝዞ «የእናቴን አያህልም» ብሎ የሚወጣ ሰው ከተማውን ሳያየው ይኖራል።

እኔ ብሆን መጀመሪያ ወደ ሞንጎቹ እሄዳለሁ። እ.ኤ.አ. ከ1975 በኋላ ከላኦስ በስደት የመጡ ሕዝብ ናቸው፤ ኮሞ ጎዳና ላይ የነበረን የእንጨት መሸጫ በ2004 ወደ ገበያ ቀይረውታል፤ ዛሬ ሞንግታውን ይባላል። እዚያ ያልበሰለ ፓፓያ በቀጭኑ ተፍቆ፣ ዓይናችሁ እያየ፣ ከቃሪያ፣ ከሎሚና ከነጭ ሽንኩርት ጋር በሙቀጫ ይወቀጥላችኋል። ስንት ቃሪያ እንደሚገባ ትጠየቃላችሁ። የሚኒሶታ ሰው ቁንዶ በርበሬ የሚያስለቅሰው ስለሆነ ሻጯ መልሳችሁን ባታምን አትቀየሙ፤ ብቻ ጀግና ለመሆንም አትቸኩሉ፤ ቃሪያቸው ትንሽ ነው፣ ጉዱ ግን ብዙ ነው። በውስጡ የዓሣ መረቅ፣ አንዳንዴም ሸርጣን ይገባበታል፤ የምትጾሙ ሳይገባ እንዲሠራላችሁ ንገሯቸው። ዓሣ በፍልሰታ ይበላል አይበላም የሚለውን ክርክር እዚህ አልከፍተውም። አሳማ በቋሊማውም በሌላውም ስለሚበዛ «ሥጋው ምንድን ነው?» ብሎ መጠየቅ ነውር አይደለም።

ካርመል የሚባለው የሶማሌዎች የገበያ አዳራሽ ደግሞ ለሙስሊሞቹ ወገኖቻችን የሐላል ጥያቄን አንዴ ይዘጋላቸዋል። ሩዙ ከሥጋው ጋር ሲመጣ ሙዝ አብሮ ይቀርባል፤ ሙዙ ለማወራረጃ አይደለም፣ ከሩዙ ጋር በየጉርሻው የሚበላ ነው። በእርድ ጉዳይ የሚጠነቀቀው ክርስቲያን ሻዩንና ሳምቡሳውን ይዞ መቀመጥ ይችላል፤ የሳምቡሳውን ውስጥ ግን ይጠይቅ። በአንድ ጣሪያ ሥር ሁሉንም ማየት ለሚፈልግ ሌክ ጎዳና ላይ፣ በድሮው የሲርስ ሕንፃ ውስጥ በ2006 የተከፈተው ሚድታውን ግሎባል ማርኬት አለ፤ ቤተሰቡ በምርጫ ሲጨቃጨቅ መፍትሔው እሱ ነው።

የአገሬውን ለመቅመስ ሴዳር ጎዳና ላይ ማትስ ባርና ፋይቭ ኤይት ክለብ «ጁሲ ሉሲን እኛ ነን የጀመርናት» እያሉ ይከራከራሉ። አይቡ ከላይ ሳይሆን በሥጋው መካከል የተቀበረ በርገር ነው። ሲቀርብ ቀልጦ የሚፈላ ነውና ጥቂት ደቂቃ ታግሣችሁ ብሉ። ገንዘብ ጠርቀም ሲል ደግሞ የምግብ ባለሙያው የሾን ሸርማን ምግብ ቤት ኦዋምኒ አለ፤ በ2021 ተከፍቶ በ2022 ጄምስ ቢርድ የሚባለውን ታዋቂ የአሜሪካ የምግብ ሽልማት በአዲስ ምግብ ቤት ዘርፍ የወሰደ፣ የስንዴ ዱቄት፣ የወተት ተዋጽኦና የሸንኮራ ስኳር የማይገባበት የአሜሪካ ቀደምት ነዋሪዎች ማዕድ ነው። ራሳችን ከጤፍ ሌላ ዓለም የለም ብለን የምንመካ ሰዎች፣ ሌላ ሕዝብ በገዛ እህሉ ሲመካ ማየት ይጠቅመናል። የዱር ሩዙን ቅመሱልኝ።

ሂሳብ ሲመጣ እንደ አገራችን ወረቀቱን ለመንጠቅ ከፈረንጅ ጋር አትታገሉ፤ ግራ ይጋባሉ። ጋባዥ ከሆናችሁ ገና ሳታዝዙ ተናገሩ። ቲፕ ከ15 እስከ 20 በመቶ የተለመደ ነው፤ ነገር ግን ከወረቀቱ ግርጌ የአገልግሎት ክፍያ ተደምሮ ከሆነ ሁለት ጊዜ እየከፈላችሁ እንዳይሆን አስቀድማችሁ አንብቡ።

ፍልሰታ በሚፈታበት ሰሞን ስቴት ፌር የሚባለው የሚኒሶታ ዓመታዊ ትርኢት ይከፈታል፤ በሴፕቴምበር የመጀመሪያ ሰኞ በሚውለው ሌበር ዴይ የሚያበቃ የ12 ቀን ድግስ ነው። በ2024 የመክፈቻው ቀን ኦገስት 22 ስለነበረ ከፍስኩ ጋር አንድ ቀን ዋለ። ዋጋው ውድ ነውና ውኃና የልጆቹን ምሳ ከቤት ያዙ፤ ማስገባት ይፈቀዳል። መኪና ማቆሚያ ከመፈለግ ከሩቅ አቁሞ በአውቶቡስ መግባት ይሻላል። በቆሎው እዚያ ከተጠበሰ በኋላ የቀለጠ ቅቤ ውስጥ ይነከራል፤ ሁለት ሳምንት ለጾመ ሰው ሌላ ምን ይባላል። ቅቤው እስከ ክርን ስለሚወርድ ግን ከቅዳሴ በቀጥታ የምትመጡ ነጠላችሁን መኪና ውስጥ ተዉት።