«አንትሮፖሎጂ ተምሬ ምን ልሆን ነው?» የጅማ ልጆች ጥያቄና የእኔ መልስ

ሰላም ነው የጅማ ልጆች? ስለ አንትሮፖሎጂ ትምህርት የምትፈልጉትን ሁሉ ጠይቁኝ ብዬ ነበር፤ እናንተም አልራራችሁልኝም፣ ሃያ ምናምን ጥያቄ ደረሰኝ። ተመሳሳዮቹን አጣምሬያቸዋለሁ። ለማታውቁኝ፣ ተወልጄ ያደግኩት እዚሁ ጅማ፣ መርካቶ አካባቢ ነው። የመጀመሪያውንም የሁለተኛውንም ዲግሪ የሠራሁት በማህበራዊ አንትሮፖሎጂ ነው። ከዚያ ወዲህ በጥናት ሥራ የጅማን ዙሪያ ገጠር ስዞር ኖሬያለሁ።

ጥያቄ፦ አንትሮፖሎጂ ማለት የብሔር ብሔረሰቦችን ባህል መማር ነው አይደል? እኔ ውዝዋዜ በጣም እወዳለሁ።

መልስ፦ ወንድሜ፣ ውዝዋዜ ከሆነ የምትወደው ቲያትር ቤት ይሻልሃል፣ በኋላ እንዳትረግመኝ። አንትሮፖሎጂ የሰው ልጅን የሚያጠና ትምህርት ነው፤ አራት ቅርንጫፍ አለው። አንዱ የሰውን አካልና አመጣጥ ያጠናል፣ ሁለተኛው አርኪዮሎጂ ነው፣ የጥንት ሰዎች ትተውት የሄዱትን ዕቃና ፍርስራሽ ያጠናል፣ ሦስተኛው ቋንቋን ይይዛል፣ አራተኛው ባህልንና ማህበራዊ ኑሮን። ድንቅነሽ የመጀመሪያው ክፍል ናት፤ አፋር ሐዳር ላይ በ1967 ዓ.ም. የተገኘችው፣ ዕድሜዋ 3.2 ሚሊዮን ዓመት። የእኛው ዘረሰናይ ዓለምሰገድ ዲኪካ ላይ ያገኛት ሕፃኗ «ሰላም»ም እንደዚያው። አገራችን ውስጥ ግን ዲፓርትመንቱ ብዙ ጊዜ «ሶሻል አንትሮፖሎጂ» ነው የሚባለው፣ የሚያተኩረውም አራተኛው ላይ ነው። አጥንት እቆፍራለሁ ብሎ የመጣ አንድ የክፍሌ ልጅ ስለ ጋብቻና ስለ ውርስ ሲማር ከርሞ አካፋ ሳይነካ ተመረቀ።

ባህል ሲባል ደግሞ ጥልፍ ቀሚስና ጭፈራ ብቻ የሚታየው ሰው ብዙ ነው። ትምህርቱ ይበልጥ የሚፈልገው ማንም ልብ የማይለውን ነው። ለቅሶ ቤት ማን የት ይቀመጣል? የእቁብ ዕጣ ሲወጣ ለማን ነው «ዛሬ ለእሷ ይሁንላት» ተብሎ የሚለመነው? ጎረቤት ሲጣላ ነገሩ ፖሊስ ጋ ከመድረሱ በፊት ለምን ሽማግሌ ጋ ይሄዳል? አቦል ላይ ያልተነሳ ወሬ በረካ ላይ ለምን ይነሳል?

ጥያቄ፦ ከሶሾሎጂ በምን ይለያል?

መልስ፦ ድሮ አጥሩ ረጅም ነበር፣ አሁን ወዲያና ወዲህ ይዘለላል። የቡና ዋጋ ወረደ እንበል። ሶሾሎጂስቱ መጠይቅ አዘጋጅቶ አራት መቶ አባወራ ይጠይቅና ስንቱ ልጁን ከትምህርት እንዳስቀረ በመቶኛ ያወጣል። አንትሮፖሎጂስቷ ሦስት ቤት ገብታ ከለቀማ እስከ ሽያጭ ትከርማለች፤ ከትምህርት የቀረችው ልጅ ታላቋ ሳትሆን መካከለኛዋ ለምን እንደሆነች ታውቃለች። ሁለቱም ያስፈልጋል። ሁለቱም የሌለበት ደግሞ ሪፖርት ይባላል።

ጥያቄ፦ ፊልድ ወርክ (የመስክ ጥናት) ላይ ዝም ብሎ ሰው ቤት መቀመጥም ትምህርት ነው እንዴ? ማን ያስገባኛል?

መልስ፦ መጀመሪያ የትብብር ደብዳቤ ታጽፋለህ፤ ከዲፓርትመንትህ ወደ ወረዳ፣ ከወረዳ ወደ ቀበሌ። ደብዳቤው ግን በር ያስከፍትልሃል እንጂ አፍ አያስከፍትልህም።

መቀመጡን የትምህርቱ ዋና መንገድ ያደረገው ብሮኒስላው ማሊኖውስኪ የሚባል ፖላንዳዊ ነው። በአንደኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ፓስፊክ ውቅያኖስ ውስጥ ትሮብሪያንድ የሚባሉ ደሴቶች ላይ ድንኳን ተክሎ፣ ቋንቋቸውን ለምዶ፣ ከሰዎቹ መሐል ኖረ። ከዚያ በኋላ የመጣ ሁሉ የእሱን ፈለግ ነው የተከተለው። ከሞተ በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1967፣ የግል የቀን ማስታወሻው ታተመና ጉድ ተሰማ፤ ሰውየው ብዙ ቀን በሰዎቹ ሲበሳጭና ሲያጣጥላቸው፣ ቤቱ ሲናፍቀው ነበር የከረመው። እኔ ይህን ሳነብ ቀለል አለኝ። እኔም ፊልድ ላይ አልቅሼ አውቃለሁ።

ለሁለተኛ ዲግሪዬ ከጅማ ወጣ ብሎ አንድ ገጠር ገባሁ። በመጀመሪያው ቀን ፎርሜን ይዤ አንድ አባት ቤት ሄድኩና ሰላምታው ገና ሳያልቅ «ስንት ከብት አለዎት?» አልኳቸው። ዝም አሉ። ቆየት ብለው «አንድ ላም ነበረች፣ እሷም ሞተች» አሉኝ። ከጓሮ ከብቶቹ እምቧ ይላሉ። እሳቸውም ይሰማሉ፣ እኔም እሰማለሁ፣ ሁለታችንም ያልሰማን መስለን ተቀመጥን። ግብር ልትጨምር የመጣች የመንግሥት ሰው መስያቸው ነበር ለካ። ፎርሙን ቦርሳዬ ውስጥ ከተትኩት፤ ሁለት ሳምንት ሙሉ አላወጣሁትም። ከባለቤታቸው ጋር ቡና ስወቅጥ፣ ውኃ ስቀዳ፣ ልጆቹን ሳስጠና ከረምኩ። በሦስተኛው ሳምንት አባት ራሳቸው ወደ ጓሮ ወሰዱኝና ከብቶቹን በየስማቸው እየጠሩ፣ የየትኛዋ ልጅ የትኛዋ እንደሆነች አሳዩኝ። ቁጥር ግን አልተነፈሱም። ከብትና ልጅ መቁጠር ደግ እንዳልሆነ የነገሩኝም ያኔ ነው። ፎርሙን ያዘጋጀነው አንድ ቢሮ ውስጥ ተቀምጠን ነበር፤ «የከብት ብዛት» የሚለው ሣጥን ለማንኛችንም ነውር አልመሰለንም።

ጥያቄ፦ ልጄ፣ ሴት ልጄ ይህን ትምህርት ካልመረጥኩ ብላ አስቸግራኛለች። እንጀራ አለው ወይ? እውነቱን ንገሪኝ።

መልስ፦ እናቴ፣ እውነቱን ልንገርዎት። «አንትሮፖሎጂስት እንፈልጋለን» የሚል ማስታወቂያ እንደ ነርስና እንደ ሒሳብ ሠራተኛ በየቦርዱ አያዩም። ሥራው ያለው በሌላ ስም ተሸፍኖ ነው። ባህልና ቱሪዝም ቢሮ፣ ቅርስ ጥበቃ፣ ሙዚየም፣ መንግሥታዊ ያልሆኑ ድርጅቶች፣ የጤናና የእርሻ ጥናት ፕሮጀክቶች ይቀጥራሉ። ብዙዎቻችን የጀመርነው በመረጃ ሰብሳቢነት፣ በቀን ሒሳብ ነው። ቀላል አይደለም።

ምን ይጠቅማል ለሚለው ግን አንድ ነገር ልጨምር። እ.ኤ.አ. በ2014 ምዕራብ አፍሪካ ውስጥ ኢቦላ ሲነሳ፣ ቤተሰብ በሽተኛውንና አስከሬኑን ይደብቅ ነበር። የጤና ሰዎቹ «ማይምነት ነው» አሉ። አንትሮፖሎጂስቶች ሲገቡ ነገሩ ሌላ ሆኖ ተገኘ። አስከሬኑ በፕላስቲክ ተጠቅልሎ፣ ሳይታጠብ፣ ሳይጸለይበት ይወሰዳል፤ ይህን የሚያይ ቤተሰብ ደግሞ ሰው ሳይሆን ዕቃ የተወሰደበት ያህል ነው የሚሰማው። የዓለም ጤና ድርጅት በዚያው ዓመት የቀብር መመሪያውን አሻሻለ፤ ቤተሰብ እንዲጸልይና እንዲሰናበት ቦታ ተሰጠው። እኛ አገር ለቅሶ ያልደረሱት ሰው ስንት ዓመት ቂም እንደሚይዝብዎት ስለሚያውቁ ይህ እንደሚገባዎት እርግጠኛ ነኝ።

ቅርባችን ደግሞ ግልገል ጊቤ አለ። 184 ሜጋዋት የሚያመነጨው ግድብ እ.ኤ.አ. በ2004 ሥራ ሲጀምር ውኃው ከተኛበት መሬት የተነሱ ገበሬዎች ነበሩ። እንዲህ ያለ ሥራ ሲመጣ መሬቱን የሚለካ መሐንዲስ አይጠፋም። የአያት መቃብር የት እንደቀረ፣ ደቦ አብሮ የሚወጣው ጎረቤት የት እንደሰፈረ የሚጠይቅ ሰውም መኖር አለበት። ልጅዎ ከመረጠችው ይተዉላት። ግን ከጎኑ ስታቲስቲክስና ጥሩ እንግሊዝኛ ጽሕፈት እንድትይዝ ይንገሯት። ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ የመውጫ ፈተና አለ፣ 50 ከመቶ ማምጣት ግድ ነው፤ «ባህል ነው፣ ወሬ ነው» ብላ እንዳትዘናጋ።

ጥያቄ፦ ፍሬሽማን ላይ ቀምሼ መወሰን እችላለሁ?

መልስ፦ ትችያለሽ። ከ2012 ዓ.ም. ጀምሮ የአንደኛ ዓመት የጋራ ኮርሶች ውስጥ አንድ አንትሮፖሎጂ ገብቷል። ሞጁሉን ለፈተና ብቻ አትሸምድጂው። ሸምድደሽው ከሰለቸሽ ግን ጥፋቱ የትምህርቱ አይደለም።

ጥያቄ፦ ዩኒቨርሲቲ እስክገባ ጅማ ቁጭ ብዬ ምን ልለማመድ?

መልስ፦ ይሄን ጥያቄ ወደድኩት። ሐሙስ ገበያ ውጣ። ለመግዛት አይደለም፤ አንድ ጥግ ይዘህ ሁለት ሰዓት ቁም። ማር የሚሸጠው ከየት መጣ፣ ቅቤ ሻጮቹ ሴቶች ለምን አንድ መስመር ላይ ናቸው፣ ዋጋ ሲከራከሩ በየትኛው ቋንቋ ጀምረው በየትኛው ይጨርሳሉ? ቤት ስትገባ ያየኸውን ጻፍ፤ ያሰብከውን ለብቻው ጻፍ። ሁለቱን ለመለየት እኔ ሁለት ዓመት ፈጅቶብኛል።

ከዚያ ጂረን ውጣና የአባ ጅፋርን ቤተ መንግሥት እይ። ሁላችንም በትምህርት ቤት ጉብኝት ሄደናል፣ ፎቶ ተነስተን ተመልሰናል። ስማቸውን ግን ጠይቀሃል? ዳግማዊ አባ ጅፋር የተወለዱበት ስም ቱሉ ነው። «አባ ጅፋር» የፈረስ ስም ነው፣ የጅፋር ባለቤት እንደማለት። አባ ቦካ፣ አባ ጎሞል፣ ሌሎቹም የጅማ ነገሥታት እንደዚሁ ነው የሚጠሩት። ሰው በፈረሱ የሚጠራበት አገር ስለ ፈረስ፣ ስለ ጦርነትና ስለ ክብር ምን ያስብ ነበር? ከአንድ ስም ይህን ያህል ይወጣል። ባለ ሦስት እግሩን የጅማ በርጩማም እንዲሁ እየው። ከአንድ ግንድ ነው የሚፈለፈለው፤ ማን ይሠራዋል፣ ቤት ውስጥ ማን ይቀመጥበታል፣ ማንስ መሬት ላይ ይቀመጣል?

ጥያቄ፦ አፋን ኦሮሞ ሳልችል ጅማ ላይ ጥናት መሥራት እችላለሁ?

መልስ፦ በአስተርጓሚ ይቻላል። ግን ማሩን ከብርጭቆው ውጭ ሆነህ ነው የምትልሰው። በአማርኛ የእናትም የአባትም ወንድም አጎት ነው፣ አለቀ። በአፋን ኦሮሞ የእናት ወንድም ኤሱማ ነው፣ የአባት ወንድም ሌላ ስም አለው፤ የአባት እህት ደግሞ አዳዳ ትባላለች። አስተርጓሚህ ሁሉንም «አጎት»፣ «አክስት» ብሎ ሲያቀብልህ፣ ሽማግሌው ስለ ኤሱማ ሲያወሩ የነበረው ነገር ሁሉ ተደፋ ማለት ነው። ዝምድና ደግሞ የዚህ ትምህርት የጀርባ አጥንት ነው። ወንድ በሦስት ማዕዘን፣ ሴት በክብ እየተሣለ የቤተሰብ ዛፍ ስትሠራ ትከርማለህ።

ጥያቄ፦ ስለ ዝግመተ ለውጥ ያስተምራሉ ሲባል ሰምቼ ነው፤ ሃይማኖቴን አያስተወኝም?

መልስ፦ ክፍላችን ውስጥ የአምስት ወቅት ሶላት የማያልፋት ልጅም፣ ዲያቆንም ነበሩ። ሁለቱም ኤ አመጡ፣ ሁለቱም አሁንም እንደዚያው ናቸው። ትምህርቱን ማወቅ ይጠበቅብሻል፤ እምነትሽን ማንም አይፈትንሽም።

ጥያቄ፦ ይህ ትምህርት የቅኝ ገዢዎች ሥራ ነው፣ ፈረንጅ እኛን ሊያጠናን ያመጣው ነው ይባላል።

መልስ፦ ሐሰት አይደለም። ኢቫንስ ፕሪቻርድ የሚባለው እንግሊዛዊ ኑዌሮችን ያጠናው የሱዳን ቅኝ መንግሥት ጠይቆት ነው። ታሪክ ግን ቀጥ ያለ መንገድ የለውም፤ ይኸው ሰው በጣሊያን ወረራ ጊዜ በጋምቤላ በኩል የአኙዋክ ተዋጊዎችን ይዞ ጣሊያንን ወግቷል። ስለ ጅማ መንግሥት ሰፊ ጥናት ያሳተመውም፣ እ.ኤ.አ. በ1965፣ ኸርበርት ሉዊስ የሚባል አሜሪካዊ ነው። አስመሮም ለገሰ የሚባል አንትሮፖሎጂስት ደግሞ ከዚሁ ከምሥራቅ አፍሪካ ተነስቶ ከቦረና ጋር ተቀምጦ ገዳን አጠናና፣ ያሳየው ነገር የአገዛዝ ሥርዓት እንደሆነ ዓለም ተቀበለው። መልሱ ትምህርቱን መጣል ሳይሆን ብዕሩን መያዝ ይመስለኛል። ፈረንጅ ስለ አያቶቻችን የጻፈውን ሳነብ አንዳንዴ እስቃለሁ፣ አንዳንዴ ደግሞ እኔ ያላየሁትን አይቶ አገኘዋለሁና እናደዳለሁ።

ጥያቄ፦ የራሴን ሰፈር ማጥናት ይሻላል ወይስ የሌላ?

መልስ፦ የራስን ማጥናት ቀላል ይመስላል። ቋንቋው አለህ፣ ያውቁሃል፣ ያበሉሃል። ችግሩ ዓይንህ ለምዶታል።

እዚህ አካባቢ ሸክላ ሠሪውን፣ ቆዳ ፋቂውን፣ አዳኙን ለይቶ የማራቅ ነገር በየቦታው አለ። ከፋ ውስጥ ማንጆ የሚባሉት ሰዎች ከሌላው ጋር በአንድ ዕቃ እንዳይበሉ፣ እንዳይጋቡ ተደርገው ኖረዋል። ይህን ክፍል ውስጥ ስማር ደሜ ፈላ፤ «እንዴት እንዲህ ያለ ሰው አለ!» እያልኩ ማስታወሻ እጽፋለሁ። ለእረፍት ቤት ስመጣ እናቴ ሲኒ እያጠበች ነበር። መደርደሪያው ጥግ ላይ ጆሮው የተሸረፈ አንድ ሲኒ ለብቻው ተቀምጧል። ከልጅነቴ ጀምሮ እዚያው ነው ያለው። ሸክላ የምታመጣልን ሴትዮ ስትመጣ ቡና የሚቀዳላት በዚያ ነበር፤ እኔ የእንግዳ ሲኒ ይመስለኝ ነበር። «እማዬ፣ ይሄ ሲኒ ለምን ለብቻው ሆነ?» አልኳት። «እንጃ፣ እናቴም እንዲህ ነበር የምታስቀምጠው» አለች። ክፉ ሴት አይደለችም እናቴ፣ ለዚያች ሴትዮ እህል ሰፍራ የምትሰጥ ሴት ናት። ሲኒው ግን ሃያ ዓመት እዚያ ነበር፣ እኔም ሃያ ዓመት አልፌው ሄጃለሁ።

ስለዚህ መጀመሪያ የሌላ ሰው ቤት ክረም፣ ከዚያ ወደ ራስህ ተመለስ። እኔን የጠቀመኝ ይሄ ነው።

የቀሩት ጥያቄዎች ስለ ስኮላርሺፕ ናቸው፤ ለብቻቸው እመለስባቸዋለሁ። «የዩኒቨርሲቲ ካፌ ሽሮ እንደሚባለው ነው ወይ?» ብለህ የጠየቅኸው ልጅ፣ ከአንትሮፖሎጂ ጋር ምን እንዳገናኘው አልገባኝም። ግን አዎ፣ እንደሚባለው ነው። በርበሬ ይዘህ ሂድ።