«ልጄን ትቼው ልሂድ ወይስ መርከብ ላይ ይዤው ልውጣ?»

ደብዳቤሽ የደረሰኝ ሌሊት 9 ሰዓት ላይ ነው። ያን ሰዓት የሚጻፍ ደብዳቤ ብዙ ጊዜ ቀን የተዋጠ ነገር ነውና ሁለቴ አነበብኩት።

ለሌሎች አንባቢዎች ነገሩን ላሳጥረው። ጸሐፊዋ ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ ትኖራለች። የ22 ወር ወንድ ልጅ አላት። ፍሎሪዳ የምትኖረው የባሏ እህት 50 ዓመቷን ስትደፍን ቤተሰቡን በሙሉ በራሷ ወጪ መርከብ ልታሳፍር ተነስታለች። ጥቅምት ላይ ከባርሴሎና ተነስቶ፣ አትላንቲክን አቋርጦ ፍሎሪዳ የሚገባ የ14 ሌሊት ጉዞ ነው፤ ከበረራው ጋር 17 ቀን ይሆናል። ባል «ልጁን ደብረ ብርሃን እናቴ ጋ እናድርሰውና እኔና አንቺ እንሂድ» ይላል። እሷ «ልጄን ካልያዝኩ አልሄድም» ትላለች። አማቷ ደግሞ «ሕፃን ልጅ ባሕር ላይ ምን ሊሠራ! ልቡ ይደነግጣል» ብለዋል። ይኸው ሦስት ሳምንት፣ ባልና ሚስት የሚነጋገሩት «እንጀራ አለ?» እና «ልጁ በላ?» ብቻ ነው።

እሺ እህቴ። መጀመሪያ መርከቡን ከመሃል ላውጣው።

መርከብ ልጅሽን አይጎዳውም። ብዙዎቹ የመርከብ ድርጅቶች ስድስት ወር የሞላውን ሕፃን ይቀበላሉ፤ ውቅያኖስ ለሚያቋርጥ ጉዞ ደግሞ አንድ ዓመት መሙላት አለበት ይላሉ። ባልሽን «ያንተ ልጅ አልፎታል» በይው። ማዞርና ማስመለሱም ሁለት ዓመት ያልሞላቸውን ልጆች እምብዛም አይነካም፤ ከነካም አንቺንና ባልሽን ነው ቀድሞ የሚነካው። አማትሽን በትሕትና ንገሪያቸው፣ የልጁ ልብ አይደነግጥም። እኔ ልጄን በሁለት ዓመቷ ከባሕር ዳር ወደ ዘጌ በጀልባ ወስጃት ነበር፤ መንገዱን ሙሉ የተጣላችው ከማዕበሉ ጋር ሳይሆን ካጠለቅንላት የመንሳፈፊያ ጃኬት ጋር ነው።

ግን ዕረፍት ነው ብለሽ አትሂጂ። ይህን በግልጽ ልንገርሽ። ገንዳው ያምራል፣ ዳይፐር የሚያደርግ ልጅ ግን ለመዋኛ በተሠራው ዳይፐር እንኳ አብዛኛውን ጊዜ አይገባበትም። የልጆች መዋያ አለ፣ ግን አብዛኛው የሚቀበለው ከሦስት ዓመት ጀምሮ፣ ሽንት ቤት መጠቀም የለመደውን ነው። ካቢኑ፣ መርከብ ላይ የምትተኙበት ክፍል ማለት ነው፣ ከመኝታ ክፍልሽ ብዙም አይበልጥም። መርከቡ የስፔንን ደሴቶች ከለቀቀ በኋላ ስድስት ሰባት ቀን ያህል የብስ የሚባል አይታይም፤ ሐኪም አለ፣ የሕፃናት ሐኪም ግን አትጠብቂ፤ መሃል ውቅያኖስ ላይ ደግሞ «ቶሎ ወደ ትልቅ ሆስፒታል» የሚባል ነገር የለም። ስለዚህ ከመሄዳችሁ በፊት ለሐኪም ይታይ፣ በ15 ወሩ የሚሰጠውን ሁለተኛውን የኩፍኝ ክትባት መውሰዱንም አረጋግጪ። እዚያ ስትደርሺ እጁን በሳኒታይዘር ብቻ እንዳታልፊው፤ መርከብ ላይ የሚዛመተውን የተቅማጥና የትውከት ቫይረስ የሚያስለቅቀው ሳሙናና ውኃ ነው። በረንዳ ያለው ካቢን ከሆነ ወንበሩን ወደ ውስጥ አስገቡ። አራተኛ ፎቅ ለምትኖር እናት ይሄን መንገር ትርፍ ነው መሰለኝ።

ሌላም አለ። መርከቡ ወደ ምዕራብ ስለሚሄድ አምስት ስድስት ሌሊት ሰዓቱ በአንድ አንድ ሰዓት ወደ ኋላ ይመለሳል። ለአዋቂ ይሄ በረከት ነው፣ የአንድ ሰዓት ተጨማሪ እንቅልፍ። ልጅሽ ግን ይሄን አያውቅም። ጠዋት 12 ሰዓት የሚነቃው ልጅ 11 ሰዓት ይነቃል፣ እሱን ሳይለምድ ደግሞ 10 ይሆናል። ያን ጊዜ በዚያች ጠባብ ካቢን ውስጥ ተነስቶ ኮሪደር ለኮሪደር የሚያንጎራድደው ማነው? ይህን ጥያቄ ያዢልኝ፣ እመለስበታለሁ።

አሁን ወደ ደብረ ብርሃኑ ሐሳብ እንምጣ።

ጆን ቦውልቢ የሚባል የሥነ አእምሮ ሐኪምና ባልደረባው ጄምስ ሮበርትሰን በ1950ዎቹ (እ.ኤ.አ.) እንግሊዝ ውስጥ ሆስፒታል የተኙ ትንንሽ ልጆችን ይከታተሉ ነበር፤ ያኔ ወላጅ ልጁን እንደልቡ መጠየቅ አይፈቀድለትም። ልጆቹ መጀመሪያ ያለቅሳሉ፣ በር በር ያያሉ። ከዚያ ዝም ይላሉ፤ የማያውቅ ሰው «ለመደ» ይላል። ቀጥሎ ጨዋታ ይጀምራሉ፣ ይስቃሉ፣ እናት ስትመጣ ግን ፊታቸውን ያዞራሉ። በተለይ ይቺ መጨረሻዋ ናት የምታሳስበኝ። ከ17 ቀን በኋላ ቦሌ ደርሰሽ፣ በታክሲ ደብረ ብርሃን ገብተሽ እጅሽን ስትዘረጊለት ልጁ አያቱ ቀሚስ ውስጥ ሊገባብሽ ይችላል። ዕድሜ ልክ የሚቀር ጠባሳ አይደለም፣ በትዕግሥት ይመለሳል፤ ግን ቀላል ነው ብዬ አልዋሽሽም።

ልጅን አያት ጋ መተው በራሱ ነውር የለውም፣ ስንቶቻችን አያት እጅ ላይ አድገናል! ጥያቄው አያቲቱ ለልጁ ማን ናቸው የሚለው ነው። አንቺ ራስሽ ጽፈሽዋል፦ ለፋሲካ ሲመጡ ነጠላሽ ውስጥ ተደበቀ። ለባልሽ እናቱ ናቸው። ለልጁ ግን በዓመት ሁለቴ የሚመጡ እንግዳ ናቸው። የማያውቀው ሰው፣ የማያውቀው ቤት፣ የደብረ ብርሃን ብርድ፣ እናትም አባትም የሉም። ለ22 ወር ልጅ ይሄ አንድ ላይ ይበዛል።

መተው ግድ ከሆነ ግን ልጁ ወደ አያቱ አይሂድ፣ አያቱ ይምጡ። ከጉዞው ሦስት ሳምንት ቀድመው ቱሉ ዲምቱ ይግቡ፣ እሳቸው ያጉርሱት፣ እሳቸው ያጥቡት፣ አንቺ ሌላ ክፍል ሁኚ። «እታዬ» የሚላት ጎረቤትሽ እንደወትሮዋ በየቀኑ ብቅ ትበል። ደግሞ እባክሽ ተደብቀሽ አትውጪ። «እማዬ ሱቅ ሄዳ ነው» የምንላት ውሸት የኛ ሰው ክፉ ልማድ ናት፤ ልጁ ከዚያ በኋላ ሱቅ በሄድሽ ቁጥር ይጮሃል። ያልቅስ፣ ግን ስትሄጂ ይይሽ።

ይሄን ሁሉ ካልኩ በኋላ፣ ጠቡ ያለው ልጁ ላይ አይመስለኝም። ደብዳቤሽ ውስጥ አንድ ቦታ ላይ እንደዋዛ ያለፍሽው ነገር አለ፦ ባልሽ ስልኩን እንደያዘ ወጥ ቤት ገብቶ «እንሄዳለን፣ እሺ ብያታለሁ» አለሽ። አንቺ ሽንኩርት እየከተፍሽ ነበር። ማንም አልጠየቀሽም። ከዚያ ቀን ጀምሮ «ልጄን ካልያዝኩ» የምትይው ሁሉ እውነት ነው፣ ግን ከሥሩ «እኔስ?» የሚል አለበት። እሱን ስላልተናገርሽው ልጁ ይናገርልሻል።

ለባልሽም ልከራከርለት፣ ተቆጪኝ ከፈለግሽ። አባቱ ሲሞቱ እህቱ ወረቀቷ ስላላለቀ ለቅሶ አልመጣችም ብለሻል። ዘጠኝ ዓመት አልተያዩም። እነዚህ ሁለት ልጆች አባታቸውን አብረው አላለቀሱም እኮ! «እሺ» ለማለት አንድ ደቂቃ ያልፈጀበት አንቺን ንቆ ላይሆን ይችላል። ቢሆንም ሊጠይቅሽ ይገባ ነበር፣ እዚህ ላይ ከአንቺ ጋር ነኝ።

እንግዲህ ቅዳሜ ማታ፣ ልጁ ከተኛ በኋላ፣ ቴሌቪዥኑ ጠፍቶ፣ ቡና አፍይና በዚህ ጀምሪ፦ «ጉዞውን አልጠላሁም፤ ሳልጠየቅ መወሰኑ ነው ያስከፋኝ።» ከዚያ ዝም በይ። ምናልባት ይቆጣል፣ ምናልባት ስለ አባቱ ይናገራል። ያ ካለፈ በኋላ ነው ያቺን ጥያቄ የምታወጪው፦ ሌሊት 10 ሰዓት ላይ ልጁን ይዞ የሚወጣው ማነው? «አንቺ ነሻ» ካለሽ አትሂጂ። እሱ ብቻውን ይሂድ፣ እህቱ ናት፤ ያለ ኩርፊያ ሸኚው፣ ይሄን ምርጫ አንቺም ባልሽም አማትሽም አላነሳችሁትም። «አንድ ቀን እኔ፣ አንድ ቀን አንቺ» ካለ ግን ሦስታችሁም ሂዱ። የ22 ወር ልጅ ቤቱ እናትና አባቱ ናቸው፤ እናንተ ካላችሁ ካቢኑ ቤት ይሆንለታል። ሲያድግ መርከቡን አያስታውሰውም፣ አክስቱ አቅፋ የተነሳችው ፎቶ ግን ይኖረዋል።

ሙያዬ ያልሆነ አንድ ነገር ጣል ላድርግ፦ የአውሮፓ ኅብረት በ2024 (እ.ኤ.አ.) ለኢትዮጵያውያን ደጋግሞ የሚያስገባ ቪዛ እንዳይሰጥ ወስኗል፤ መርከቡ መንገድ ላይ ከሸንገን (በአንድ ቪዛ ከሚገባባቸው የአውሮፓ አገሮች) ወጥቶ የሚመለስ ከሆነ ቲኬት ሳይቆረጥ ጠይቁ። አጥሚት ካልጠጣ አይተኛም ብለሻል፤ ቤት የተዘጋጀ ዱቄት ሊከለክሉ ስለሚችሉ እሱንም ቀድመሽ ጠይቂ። ዳይፐሩን ከዚሁ ያዢ፣ መርከብ ላይ ውድ ነው።

መጨረሻ ላይ በትንሹ የጻፍሻትን አልረሳኋትም። ገላሽን ስትታጠቢ በሩ ሥር ቁጭ ብሎ ጣቶቹን በስንጥቁ ያስገባል፣ «አበላሽቼው ይሆን?» ብለሻል። አላበላሸሽውም። በዚህ ዕድሜ ደንበኛ ነገር ነው። በሩን ትንሽ ገርበብ አድርጊውና እየዘፈንሽ ታጠቢ፣ ድምፅሽን ይስማ። አንዳንዴም ጣቶቹን በእርጥብ እጅሽ ነካ አድርጊያቸው።