መልስ፦ ወይን ዋልካው ላይ ወይስ ቀዩ አፈር ላይ?

ወንድሜ፣ «ደብረ ማርቆስ አጠገብ ዋልካም ቀይ አፈርም አለኝ፤ ለወይን ጠጅ የሚሆን ወይን የትኛው ላይ ልትከል?» ብለሃል። እኔ ቀዩን እመርጣለሁ፤ ተዳፋት ከሆነ ደግሞ እሰየው።

ዋልካ ጥቁር ሸክላማ አፈር ነው፤ በክረምት ውሃ ያቁራል፣ ሥሩ አየር ያጣል። በበጋ እየተሰነጠቀ ሥር ይበጥሳል። ለጤፍና ለሽምብራ ግን ወርቅ ነው፣ ለእነሱ ተወው።

ለም አፈር ሁሌ ጥሩ ወይን አይሰጥም። ናይትሮጂንና ውሃ ሲበዛ ተክሉ ቅጠል በቅጠል ይሆናል። ፍሬው በጥላ ይሸፈናል፤ ስኳሩ ይቀንሳል፣ ቀለሙም ይደበዝዛል። ስለዚህ ፍግ አታብዛ። በፈረንሳይ የቦርዶ ወይን አካባቢ ያለው የሜዶክ ወይን የታወቀው ውሃ ቶሎ በሚያሳልፍ ጠጠራም መሬት ላይ ነው። ሸክላማ አፈር ሁሉ መጥፎ ነው ማለቴ ግን አይደለም፤ እዚያው ቦርዶ፣ ፖመሮል በሚባለው ቦታ ሜርሎ የተባለው የወይን ዝርያ በሸክላ ላይ ድንቅ ይሆናል።

የጎጃም ቀይ አፈር ዋና ችግሩ አሲዳማነት ነው። ፒኤች (የአሲዳማነት መለኪያው፤ ሲቀንስ አሲዱ ይጨምራል) ከ5.5 ሲወርድ አሉሚኒየም ሥሩን ይጎዳል፣ ፎስፈረስም በአፈሩ ታስሮ ለተክሉ አይደርስም። አፈሩን አስመርምር። አሲዱን የሚቀንስ ኖራ ካስፈለገ ከመትከልህ በፊት በደንብ ቀላቅለው፤ ከተተከለ በኋላ ወደ ታች ማድረስ ከባድ ነው።

አንድ ነገር ልጨምር፦ ፍሬው ክረምት ላይ እንዳይደርስ የመግረዣ ጊዜህን አስላ። ዝናብ የደረሰውን ፍሬ ያፈነዳዋል፣ ሻጋታም ያመጣበታል።